የጽጌረዳዋ ጠያቂዎች

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ጋሽ ማንደፍሮ በገዛ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሕልም አየ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም የሚሉ አሉ። እሱም እንደዚያ ቢሆንለት ደስ ይለው ነበር፤ ይኼኛው ግን ፍቺውን በጀርባው አዝሎ ነው የመጣው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሊተኛ አልነበረም፤ ሊጠብቅ ነበር። የሚጠብቀው ደግሞ አንዲት የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ጣሳዋ ውስጥ አፈር አለ፣ አፈሩ ውስጥ እርሳስ የምታህል የጽጌረዳ ቁራጭ ተሰክታለች፣ ከላይዋም አንገቱ የተቆረጠ የላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ተደፍቶባታል። ከብዙ እህቶቿ መሐል የተረፈችው እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፤ ቅዳሜ ዕቃ የሚጭን መኪና ይመጣል። ለጋሽ ማንደፍሮና ለሚስቱ ለወይዘሮ በለጥሻቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፤ ቁልፉም በእጃቸው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን ሲሸክፍ በለጥሻቸው ግን አንድ ማንኪያ እንኳ ከቦታው አላነሳችም። በበሩ ሥር ያለችውን ጽጌረዳ በጣቷ እያሳየች፣ "እሷ ካልሄደች እኔም ከዚህ በር እግሬን አላነሳም፤ ከፈለጉ ቤቱን እላዬ ላይ ያፍርሱት" አለች። ይህችን ሴት ለማያውቅ ሰው ነገሩ ፉከራ ይመስላል። ማንደፍሮ ግን ያውቃታል። አንድ ጊዜ ከገዛ ወንድሟ ጋር በበግ ቆዳ ተኳርፋ ወንድምየው ሸምግሎ፣ ቆዳውም አርጅቶ ነው የታረቀችው።

ጽጌረዳዋን ከእናቷ ደጅ ቆርጣ ያመጣቻት ሙሽራ ሆና ወደዚህ ግቢ ስትገባ ነው። "እንደ ዋዛ በሩ ሥር ሰካኋት፣ ረሳኋት፣ በቀለች" ትላለች ሁልጊዜ በኩራት። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የሚመጣው ሙሽራዋን ለማየት ነበርና እንጨቷን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። አሁን ግንዷ የሰው ክንድ አክሏል፤ ሥሯም ከበሩ ድንጋይ ሥር ገብቶ ተጠላልፏል። ተቆፍራ የምትወጣ አይደለችም። ስለዚህ ያለው መላ ከእሷ ቆርጦ ማጽደቅ ብቻ ሆነ። ምን አለበት፣ እንጨት መሰካት አይደል እንዴ ተባለ።

እንጨቶቹ ግን እሺ አላሉም። አንዳንዶቹ ከታች ጠቁረው በሰበሱ፤ አንዳንዶቹ ከላይ ደርቀው ቀሩ፤ አንዷም ያለ ሥር አበባ አውጥታ ግቢውን ሁሉ ካስፈነደቀች በኋላ በማግስቱ አንገቷን ደፋች። ምክር ግን ሞልቶ ነበር። የእድሩ ዳኛ አቶ ልሳኑ ውሃ አንሷቸው ነው አለ። የጓሮ ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ የለም፣ የሰው ዓይን ነው ብላ በጆግ ጠበል ይዛ መጣች። አንዱ ማር ቀቡት አለ፣ አንዱ አመድ፣ አንዱ አሸዋ። ሊሰናበት የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰዎቹን ሳይሆን ጣሳዎቹን ሆነ። "እንዴት አደረች?" ይላል፤ ላስቲኩን ያነሳል፤ ቁራጯን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ ያደርጋታል፤ "ገና ናት" ብሎ መልሶ ይሰካታል፤ ከዚያ አንጀቱ አልችል ይልና ውሃ ጠብ ያደርግላታል። በለጥሻቸው ጠዋት ጠዋት ትስባለች። ማንደፍሮም እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ ይስባል።

ታዲያ በሩን መዝጋት ነዋ፣ ትሉ ይሆናል። ማንደፍሮ በር አይዘጋም። ጉልበቱን የጨረሰው በአንድ ሆስፒታል በር ላይ በዘበኝነት ነው። በስድስት ሰዓትና በአሥራ አንድ ሰዓት ጠያቂ ያስገባል፤ ሰዓቱ ሲሞላ "የጥየቃ ሰዓት አልቋል!" ብሎ ይጮኻል። ያ ድምፅ ሲሰማ አልጋ ዳር የተቀመጠ ሁሉ ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ ብድግ ይላል። በዚያ ሰፈር በዚያ ድምፅ ያልወጣ ቤተሰብ የለም። ማንደፍሮ ግን ሥራውን ወዶት አያውቅም። ምሳ በነጠላቸው ሸፍነው የመጡ እናቶችን ሲመልስ ኖሮ፣ ጡረታ የወጣ ዕለት ከእንግዲህ በጠያቂ ላይ በር አልዘጋም ብሎ ማለ። መሐላውንም ጠብቋል፤ በሩ ንጋት ላይ ይከፈትና ሲመሽ ነው የሚገጠመው። ስለዚህ ትናንት ጣሳዋን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ማንንም ሳያስቀይም፣ በዓይኑ ብቻ ሊጠብቃት ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ከዳው።

በሕልሙ መጀመሪያ ያየው ቤቱ ሲነሳ ነው። ቤቱ ወገቡን ይዞ ብድግ አለ፣ የግድግዳውን አቧራ አራገፈ፣ ቆርቆሮውን እንደ ባርኔጣ አስተካከለ፣ "በሉ ደህና ሁኑ፤ እኔ ለልማት ተነሥቻለሁ" አለና መስኮቶቹን እያንጓጓ ቁልቁል ሄደ። የደብሪቱም ቤት ማድ ቤቱን አዝሎ ተከተለው። ሰዎቹ በየነበሩበት ሜዳ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ማንንም አልገረመውም።

ወዲያው የወረዳው ሹማምንት ተሰልፈው መጡ። ሰልፉ ጫፉ አይታይም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አንድ በአንድ ማንደፍሮ ፊት እየቀረቡ፣ እጅ እየነሱ፣ ጉዳያቸውን እንዲያይላቸው ይለምኑታል።

"ነገ ተመለሱ" አለ ማንደፍሮ።

በዚህ በጣም ተደሰቱ። ስንት ጊዜ ተመላልሰን ዛሬ መልስ የሚሰጥ ሰው አገኘን፣ ልጅ ይውጣልህ እያሉ መርቀውት ሄዱ። አንዱ ቦርጫም ኃላፊ ብቻ ጥግ ይዞ እንባውን ሲጠርግ አየውና አንጀቱን በላው፤ ለእሱ ከነገ ወዲያ እንዲመለስ ፈቀደለት።

ሰልፉ ሳያልቅ ጽጌረዳዋ ከበሩ ሥር እግሯን መዝዛ ወጣች። የበለጥሻቸውን ነጠላ ለብሳለች፤ ድምፅዋም የበለጥሻቸው ድምፅ ነው፤ በእጇ መቀስ ይዛለች። አራተኛ ፎቅ እንደደረሳት፣ ነገር ግን ያለ ማንደፍሮ እንደማትሄድ ለጎረቤቷ ለጤና አዳም ትነግራታለች። ጤና አዳም፣ ታዲያ ነቅለሽ አትወስጂውም ወይ አለቻት።

"አርጅቷል እኮ" አለች ጽጌረዳ። "ሥሩ ከበሩ ሥር ገብቷል። ስነቅለው ይሞትብኛል። ቆርጬ ነው የማጸድቀው።"

ከዚያ ማንደፍሮን ዞራ ዞራ መረመረችው። ጭንቅላቱ ጋ ገና ለጋ ነው፣ ውሃ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል አለች። እግሩ ጋ ደግሞ ደርቆ እንጨት ሆኗል። ወገቡ ግን ደህና ነው፣ ከወገቡ ነው መቆረጥ ያለበት ብላ ወሰነች። ወገብህ ደህና ነው መባሉ ማንደፍሮን ደስ አሰኘው፤ ሐኪሞቹ ሁልጊዜ ተቃራኒውን ነበር የሚነግሩት። መቀሱም አላመመውም፤ ፀጉር እንደመስተካከል ነበር። ቅጠል ሲበዛ ሰውነት ይደርቃል ብላ የኮቱን እጅጌ እክርኑ ላይ በግማሽ ቆረጠችለት።

ዓይኑን ሲገልጥ ጣሳ ውስጥ ቆሟል። ወደ ግራው ቢዞር ሌላ ማንደፍሮ ቆሟል፤ ወደ ቀኙ ቢዞር ሌላ ማንደፍሮ። እንዲያው ማንደፍሮ ብቻ በየጣሳው ተሰክቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተደርድሯል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጢም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የተቆረጠ እጅጌ አላቸው። ሁሉም ግን ደህና አልነበሩም።

አንዱን በራሱ ዘቅዝቀው ነው የተከሉት። ሁለት ጫማዎቹ ወደ ሰማይ ቆመው ከአፈሩ ውስጥ በታፈነ ድምፅ፣ ላይና ታቹን የማያውቅ ሰው ነው እንዴ የተከለን እያለ ያማርራል። ሌላው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያስነጥሳል፤ ከጉልበቱ በታች መጥቆር ጀምሯል፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው፣ መንገደኛ ሁሉ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ኩባያውን ይደፋበታል። ፀሐይ ላይ የረሱት ማንደፍሮ ደግሞ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ልብሱ ሰፍቶታል። አጠገቡ ያለው ግን ከሁሉ የባሰ ነበር፤ አበባውን አልቆረጡለትም። ኮፍያው ላይ ቀይ ጽጌረዳ ፈክቶ፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ በሆስፒታሉ በር ላይ ሳለ ማን ማንን እንደመለሰ ወሬውን ይሰልቃል።

"ሥር አበጀህ?" ብሎ ጠየቀው የእኛው ማንደፍሮ።

"የምን ሥር?" አለ ባለአበባው። "እንዴት እንዳማረብኝ አታይም እንዴ?"

ይኼን ብሎ ወሬውን ሳይጨርስ ጠወለገና አንገቱን ትከሻው ላይ ጣለ። የእኛው ማንደፍሮ ደነገጠ። ማታ መኪናው ሲመጣ ሥር ያላበጀ ሁሉ ለእሳት ማቀጣጠያ እንደሚሆን፣ ማንም ሳይነግረው፣ በሕልም ደንብ ያውቅ ነበር።

እሱ ግን ደህና ነው። ላይና ታቹ በልኩ ነው፤ ውሃው እርጥብ ከማለት አያልፍም፤ ጥላ ላይ ነው፤ ላስቲኩ ከላይ ተደፍቶበት ሙቀቱ የአራስ ቤት ሙቀት ነው። ዝም ብሎ ቆመ። ትንሽ እንደቆየ ተረከዙን በላው። የሚያስቅ ዓይነት ማሳከክ ነበር፣ ክር በቀስታ የሚጎተት የሚመስል። ጎንበስ ብሎ ማየት ባይችልም አወቀው፤ ሥር ሊያወጣ ነው። በዕድሜው እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶት አያውቅም። አምላኬ፣ እስከ ማታ ብቻ የሚነካኝ አይምጣ ሲል በልቡ ለመነ።

ይኼን ባሰበበት ቅጽበት ጣሳዎቹ የሆስፒታል አልጋ ሆኑ፤ አስፋልቱም ኮሪደር ሆነ። በሩ ላይ አንድ ፍየል የማንደፍሮን የድሮ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ ቆሟል። ዙሪያው ሁሉ ቅጠል ሆኖ ፍየሉ አንዲቷን አይቀምስም፤ ኪሱ ውስጥ ከቤቱ የያዛት ደረቅ ዳቦ አለች። በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ በዱላው እየገፋ ወደ ውስጥ ያስገባል።

"ሳይጠይቁ ማለፍ ክልክል ነው" ይላል። "ውሃ ያልያዘ አይገባም።"

መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ገባ። ጣራው አጥሮት ሁለት ጊዜ ታጥፎ ነው አልጋው ጋ የደረሰው። አይዞህ ጠጣ እያለ አንድ ጀሪካን ውሃ እግሩ ላይ ገለበጠበትና፣ አመሉ ነውና፣ ውሃውን መልሶ ራሱ ጠጣው። ከዚያ ማንደፍሮን በብብቱ ይዞ ከአፈሩ መዘዘው፤ እግሩን አገላብጦ አየ፤ "ገና ነው" ብሎ መልሶ ሰካው። ማሳከኩ ጠፋ።

ቀጥላ ሽንኩርት መጣች። ነጠላ በነጠላ ላይ ደራርባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሽንኩርት ግን አንጀትም አልነበራትም፣ ገልጠው ገልጠው ቢያዩ ነጠላ ብቻ ናት፣ ቢሆንም እንባዋ ጣሳውን ሞላው። ዓይኗን ጠራረገችና እሷም ሳበችው። ከእሷ በኋላ ሐረግ ገብታ ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው፤ አንገቱን አቅፋ አልለቅ አለች፤ ስትሄድም ተጠምጥማበት ነበርና ሳታውቀው አብራ ነቅላው እስከ በሩ ድረስ ይዛው ሄደች። ፍየሉ ነው የመለሰው።

እንደገና ተተከለ። እንደገና ዝም ብሎ ቆመ። እንደገና ተረከዙን በላው። ደስታው ሳይመለስ ግን የአትክልቶቹ እድር በሙሉ ሰልፍ ይዞ ገባ። ከፊት አጋም አለ፣ የእድሩ ዳኛ። ሕመምተኛ ያልጠየቀ አባል እንደሚቀጣ ካሳሰበ በኋላ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብሎ ተረተና አባላቱን ተራ በተራ አሰለፈ። ተራ በተራም ሳቡት። ጎመን ሳበችው፤ ኮሰረት ሳበችው፤ ምንም የማያውቀው ዱባ ሳይቀር እየተንከባለለ መጥቶ ሳበው። ሁሉም ቀስ ብለው፣ በአክብሮት ነው የሳቡት። ማንደፍሮ እባካችሁ አትንኩኝ፣ ልተኛበት ብሎ ቢለምናቸው ተያዩና ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቷል፣ መቀባጠር ጀምሯል ተባባሉ። ለትኩሳቱም ተጨማሪ ውሃ ተደፋለት።

በመጨረሻ ትልቁ ሐኪም መጣ። እሬት ነበር፣ ፊቱ እንደ ስሙ፣ ተማሪዎቹን አስከትሎ። ለምን ሥር አላበጀም የሚለው ትልቅ ክርክር አስነሳ። አንዱ አፈሩ ነው አለ፤ አንዱ መቀሱ ዶልዱሞ ሥጋውን ጨፍልቆት ነው አለ፤ አንዱ በክረምት ነበር መቆረጥ የነበረበት አለ። ዳማከሴ የሰው ዓይን ነው ብላ ማለች። እያንዳንዱ አሳቡን ለማስረዳት ማንደፍሮን እየመዘዘ ለጓደኞቹ ያሳያል። እሬት ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ብቸኝነት ነው" አለ። "ጠያቂ አንሶታል። ከዛሬ ጀምሮ የጥየቃ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ይሁንለት።"

ሁሉም በቅጠላቸው አጨበጨቡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናው በሹፌሩ ትከሻ ላይ ተጭኖ መጣ። ጽጌረዳዋ ወረደችና አልጋው ዳር ተቀመጠች። መዓዛዋ ያው የበሩ ሥር መዓዛ ነው፣ በለጥሻቸው ሙሽራ ሆና የገባች ዕለት የነበረው። እጁን ያዘችው።

"አንድ ሥር ብቻ አሳየኝ" አለች። "አንድ ብቻ። ትቼህ ልሄድ ነው እንዴ?"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ቀኑን ሙሉ ሲጎትቱት የዋሉት ሁሉ የሚወዱት ናቸው። ጠላት ቢሆኑማ ኖሮ ይሳደብ፣ ይራገጥ ነበር። ለሚወድህ ሰው ግን እጅህን ሰብስብ ማለት እንዴት ይቻላል? በዚህ መሐል ተረከዙን ደግሞ በላው። ከበፊቱ ሁሉ የበረታ ነበር፤ አሁን አንድ ክር ወጥቷል፣ እርግጠኛ ነው። ጽጌረዳዋ ግን ልትስበው እጇን ወደ ብብቱ ሰደደች። ማንደፍሮ ወደ በሩ ዞሮ ፍየሉን ተጣራ።

"ሰዓቱ አልቋል በላቸው!"

ፍየሉ አንገቱን ደፋ። "እኔ ያን ቃል አልናገርም" አለ። "ምያለሁ። ስንት እናት ከነሳህኗ መልሻለሁ። ከእንግዲህ ማንም በእኔ እንዲያዝን አልፈልግም።"

"እነሱ ቅር እንዳይላቸው እኔ ልሙት?"

ፍየሉ ጢሙን አሸ። "የአንተስ በር ክፍት አይደለም እንዴ?" አለው።

ጽጌረዳዋ ብብቱን ያዘች፤ እግሩ ከአፈሩ ሲላቀቅ ተሰማው። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ከፈተ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ እናም ነቃ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። እትዬ ደብሪቱ አለች፣ አቶ ልሳኑ አለ፣ እድርተኛው አለ፣ ከታች ሰፈር ለስንብት የመጡም አሉ። ሁሉም ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ መሐላቸው በለጥሻቸው ናት። በአንድ እጇ ጣሳዋን ይዛለች። በሌላው እጇ ቁራጯን ከአፈር አውጥታ ወደ ላይ አንሥታታለች፤ ከቁራጯ ጫፍ ላይ ክር የመሰሉ፣ ነጫጭ፣ ገና ዛሬ የተወለዱ ሥሮች ተንጠልጥለዋል።

"እዩዋት" ትላለች በለጥሻቸው። "ሥር አበጀችልኝ።"

ደብሪቱ ተቀብላ ሳመቻት። አቶ ልሳኑ ከደብሪቱ ወስዶ ሥሮቹን ፀሐይ ላይ አንሥቶ አገላበጣቸውና ለቀጣዩ ሰው አቀበለ። ያም ለሚቀጥለው። ቁራጯ እንደ ክርስትና ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፤ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ሁሉም ይመርቃል፣ ነጫጮቹ ክሮች ደግሞ በዚያ በጠራራ ፀሐይ ላይ መጠቅለል ጀምረዋል። በለጥሻቸው እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ካያት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ማንደፍሮ ያን ሳቅ ማቋረጥ ሞት መሰለው። ተረከዙን ግን በላው።

ብድግ አለ፣ ደረቱን ነፋ።

"የጥየቃ ሰዓት አልቋል!"

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያልተሰማ ድምፅ ነው። ከዚያ ማንም ሳያስብበት፣ የሰው እግር ብቻውን መንቀሳቀስ ጀመረ። አቶ ልሳኑ ኮፍያውን አነሳ። ደብሪቱ ያልያዘችውን ሳህን በነጠላዋ ሸፈነች። ቁራጯ የደረሰችበት ሰውዬ ቀስ ብሎ ማንደፍሮ መዳፍ ላይ አስቀመጣትና፣ እግዜር ይማርሽ ብሏት ወጣ። አንድም የተከራከረ የለም፤ እንደ ድሮው ተራቸውን ጠብቀው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ በበሩ ወጡ። ማንደፍሮ የቆርቆሮውን በር ገጠመና መቀርቀሪያውን ወረወረ። መሐላውንም አብሮ አፈረሰ።

ሮጦ ጣሳዋን አነሳ። አፈሩን በጣቱ ሰርጎድ አደረገ፣ ሥሮቹ እንዳይታጠፉ እያየ አስገባት፣ አፈሩን ዙሪያዋን በቀስታ ደገፍ ደገፍ አደረገላት፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ብቻ ሰጣት፣ ላስቲኩን ደፋባትና ከግድግዳው ጥላ ሥር አስቀመጣት። ከዚያ ወንበሩን አምጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጸጥታው ደስ ይል ነበር።

በሩ ተንኳኳ።

"ማንደፍሮ" አለች በለጥሻቸው ከውጭ። "እኔስ?"

ለካ እሷም ከሰው ጋር ብድግ ብላ ወጥታለች። ከዚህ በር እግሬን አላነሳም ስትል የከረመችው ሴት አሁን በቤት ጫማዋ መንገድ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ የደብሪቱ ሳቅ ይሰማል።

"ወጥተሻል እኮ" አላት።

"አዎ፣ ወጥቻለሁ" አለች ራሷን እየታዘበች። "እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?" ከዚያ ደግሞ፣ "በል ክፈትልኝ፣ ዕቃ ልሸክፍ።"

"ትንሽ ታገሺ። ገና አሁን መተኛቷ ነው።"

በለጥሻቸው ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ተሰማው። ማንደፍሮ ጣሳዋን ተመለከተ። ላስቲኩን ከውስጥ አልቦታል፤ የሚታይ ነገር የለም። ያን ሁሉ እጅ ስታልፍ ሥሮቿ ተሰብረው ቢሆንስ? አቶ ልሳኑ ጣቱ ሻካራ ነው። ደብሪቱ ስትስም ጫን ትላለች። ብትደርቅስ፣ ብትጠወልግስ፣ ቅዳሜ ምን ይዞ ይወጣል? አንዴ ቢያይ ምን ይሆናል። አንዴ ብቻ፣ ሳብ ሳያደርግ፣ እንዲያው ቀና አድርጎ። ግራና ቀኙን ቃኘ። ግቢው ባዶ ነው። እጁን ዘረጋና የላስቲኩን ጫፍ አነሳ አደረገ።

ከበሩ ቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳ ውስጥ አንድ ዓይን ያየዋል።

"ማንደፍሮ" አለች በለጥሻቸው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የጥየቃ ሰዓት አልቋል።"